ሲስተሙ በደመወዝ ሰሞን ይቆማል፣ «ኮኔክሽን የለም» ይላል። ፑሉን ላሳድገው?

ሐይቅ ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ላይ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሚጠቀምበትን ሲስተም ተረክቤ እየተንከባከብኩ ነው። በጃቫ የተሠራ ነው፦ ስፕሪንግ ቡት 3፣ ኮዱን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ሃይበርኔት፣ ዳታቤዙ ደግሞ ማይኤስኪውኤል 8 ነው። ወሩን ሙሉ ጤነኛ ነው። ደመወዝ የሚገባበት ሰሞን ግን ገንዘብ ተቀባዮቹ ሁሉ ቁጠባ መመዝገብ ይጀምራሉ፣ አባላትም በስልካቸው ሒሳባቸውን ለማየት ይገባሉ። ያኔ ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ምልክት እየዞረች ትቀራለች። ቀጥሎ ኤረር ነው። ሎጉ የሚለው ባጭሩ «ሂካሪፑል 1፦ ኮኔክሽን የለም፣ 30000 ሚሊሰከንድ ተጠብቆ ጊዜው አለፈ» ነው። ሪስታርት ሳደርገው ወዲያው ይነሳል። ትንሽ ቆይቶ ይደግመዋል።

ያልገባኝ ነገር የዳታቤዙ ሰርቨር ምንም ሥራ የበዛበት አይመስልም። በቆመበት ሰዓት ገብቼ ሳየው ሲፒዩው 5 ፐርሰንት እንኳ አይሞላም። ፑሉን፣ ማለትም ሂካሪ ከፍቶ የሚያስቀምጣቸውን የዳታቤዝ ኮኔክሽኖች ስብስብ፣ ማንም አልነካውም፤ መነሻው ላይ እንዳለ ነው። ፈልጌ ያገኘሁት ምክር ሁሉ ቁጥሩን ጨምሪ ይላል። ልጨምር? ስንት ላድርገው? መስኮቱ ላይ ሰው ተሰልፎ ስለሚጉላላ በጣም አሳስቦኛል።

ፈጣን ኮድ፦

እህቴ ይሄ ቀላል ነው። የሂካሪ መነሻ 10 ነው፣ 100 አድርጊው። እኛም መሥሪያ ቤት ያደረግነው ይህንኑ ነው፣ እስካሁን አሪፍ እየሠራ ነው።

አሮጌው ጃቫ፦

ሐይቅ ዳር፣ ቁጥሩን ገና አትንኪው። ዋናውን ነገር ራስሽ ነግረሽናል፤ ዳታቤዙ ሥራ ፈትቷል ብለሻል። 10ሩም ኮኔክሽን ተይዟል፣ ዳታቤዙ ግን ሥራ የለውም። እንግዲህ ኮኔክሽኑን የያዙት ክፍሎች ከዳታቤዙ ጋር እየተነጋገሩ አይደለም፤ ይዘውት ሌላ ነገር እየጠበቁ ነው። መጀመሪያ የያዘው ማን እንደሆነ፣ ይዞም ምን እንደሚጠብቅ እንወቅ።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ የቁጠባ ምዝገባ ኮኔክሽኑን ለ20 ሚሊሰከንድ ቢይዘው፣ አንዱ ኮኔክሽን በሰከንድ 50 ምዝገባ ያስተናግዳል። 10ሩ አንድ ላይ 500 ማለት ነው። የአንድ ማኅበር ገንዘብ ተቀባዮች በሰከንድ 500 ምዝገባ ሊያስገቡ አይችሉም። ያው ምዝገባ ኮኔክሽኑን 4 ሰከንድ ይዞ ከቆየ ግን 10ሩ ተደምረው በሰከንድ ሁለት ተኩል ብቻ ይሆናል። ዳታቤዙ ያው፣ ኩዌሪው ያው። የተለወጠው ይዞ የመቆያው ጊዜ ብቻ ነው።

100 ስላልከው ወንድሜ ፈጣን ኮድ፣ ማይኤስኪውኤል ካልተነካ በቀር የሚቀበለው 151 ኮኔክሽን ነው። ፖስትግሬስ ደግሞ 100። አፕሊኬሽኑን ሁለት ቦታ አስነሥተህ እያንዳንዱ 100 ሲጠይቅ ሁለተኛው በር ላይ ይቀራል። ሌሊት ባክአፕ የሚወስደው ፕሮግራምም አብሮ ይቀራል። የፖስትግሬስ ሰዎች ለመነሻ የሚሰጡት ስሌት የሲፒዩ ኮር ብዛት በ2 ተባዝቶ የዲስኩ ብዛት ይደመርበት የሚል ነው። 4 ኮርና አንድ ዲስክ ላለው ማሽን 9 ይመጣል። ብዙ ሰው ቁጥሩ ሲያንስበት ይደነግጣል፣ ግን 4 ኮር በአንድ ጊዜ ሊሠራ የሚችለው ውስን ነው።

አሁን ሁለት ነገር አድርጊልኝ። የሂካሪን ሊክ ዲቴክሽን ትሬሾልድ 10000 አድርጊው። መነሻው 0 ነው፣ ማለትም ጠፍቷል። ሲበራ ከ10 ሰከንድ በላይ የተያዘ ኮኔክሽን ሲያገኝ የትኛው ኮድ እንደወሰደው ሎግ ላይ ይጽፋል። ልብ በይ፣ የሚያሳይሽ ኮኔክሽኑ የተወሰደበትን ቦታ ነው፤ አሁን የቆመበትን ቦታ አይነግርሽም። ለሱ ሲስተሙ በቆመበት ሰዓት፣ ሪስታርት ከማድረግሽ በፊት፣ በጄስታክ ትሬድ ደምፕ ውሰጂ፤ እያንዳንዱ ትሬድ (የሥራ ክር) የትኛው የኮድ መስመር ላይ እንደቆመ የሚያሳይ ዝርዝር ነው። ሪስታርት ካደረግሽው ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።

ሐይቅ ዳር፦

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። ዛሬ ሲቆም ገንዘብ ተቀባዮቹን ትንሽ ታገሡኝ ብዬ ደምፑን ወሰድኩ። ያየሁት ይህን ነው።

ቶምካት (ሪኩዌስቶቹን የሚቀበለው ዌብ ሰርቨር) ያሉት 200 ትሬዶች ናቸው። ከነሱ 10ሩ ሶኬት ሪድ ላይ፣ ማለትም ከኔትወርክ መልስ እየጠበቁ፣ ቆመዋል። ከላይ ወደ ታች ሳነበው መጀመሪያ ሶኬት ሪድ፣ ከዚያ ረስትቴምፕሌት (የውጭ ሲስተም የሚጠራው የስፕሪንግ ክፍል)፣ ከዚያ የኤስኤምኤስ ሰርቪሱ፣ ከዚያ «ቁጠባ መዝግብ» የሚለው ሜተድ ይመጣል። 10ሩም አንድ ዓይነት ናቸው። ከቀሩት ብዙዎቹ ሂካሪ ጌትኮኔክሽን ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ አብዛኞቹ ሒሳብ ለማየት በስልክ የገቡ አባላት ናቸው። ሊክ ዲቴክሽኑም የጻፈው ያንኑ «ቁጠባ መዝግብ» የሚለውን ነው።

ኮዱን ከፍቼ አየሁት። ሜተዱ ላይ ትራንዛክሽናል የሚል አኖቴሽን አለ፤ ውስጡ ያለው የዳታቤዝ ሥራ ወይ አብሮ ይጸድቃል ወይ አብሮ ይሰረዛል ማለት ነው። ውስጡ ቁጠባውን ይመዘግባል፣ ቀሪ ሒሳቡን ያስተካክላል፣ ለአባሉ «ይህን ያህል ብር ገቢ ሆኗል» የሚል ኤስኤምኤስ ይልካል፣ ከዚያ ያበቃል። ኤስኤምኤሱ የሚሄደው በሌላ ድርጅት ጌትዌይ (መልእክት አስተላላፊ ሲስተም) በኩል ነው።

ሌሊት ዲፕሎይ፦

አገኘሽው! ትራንዛክሽናል ያልሽው ሜተድ ሲጀምር ከፑሉ ኮኔክሽን ይወስዳል፣ ሜተዱ እስኪያልቅ አይመልስም። መሐል ላይ ኤስኤምኤስ ጌትዌዩን ስትጠሪ ኮኔክሽኑ በእጅሽ ነው። ባንክ ውስጥ በገመድ የታሰረችውን እስክሪብቶ ይዞ ስልክ እንደሚያወራ ሰው ማለት ነው። በደመወዝ ሰሞን ጌትዌዩንም ሁሉም ሰው ስለሚጠቀምበት ይዘገያል። እሱ ሲዘገይ ያንቺ ዳታቤዝ የተበላሸ ይመስላል።

ሌላም አለ። ረስትቴምፕሌቱ ታይምአውት ተሰጥቶታል ወይ? ካልተሰጠው መነሻው ላይ ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ ገደብ የለውም። ዛሬውኑ የኮኔክት ታይምአውት 2 ሰከንድ፣ የሪድ ታይምአውት 5 ሰከንድ ስጪው። ይህ መፍትሔ አይደለም፣ ግን ደሙን ያቆምልሻል።

ፈጣን ኮድ፦

ገባኝ። ግን እኛ ጋ 100 ስናደርገው ለምን ሠራ ታዲያ?

ሌሊት ዲፕሎይ፦

በጋሼ ሒሳብ ሥራው። 100 ኮኔክሽን፣ እያንዳንዱ 4 ሰከንድ ቢያዝ፣ በሰከንድ 25 ይሆናል። የእናንተ ሰው ከዚያ በታች ስለሆነ አልታያችሁም። ችግሩ ግን እዚያው አለ። የምትጠሩት የውጭ ሲስተም አንድ ቀን ጭራሽ ዝም ካለ፣ ታይምአውት ከሌለ 100ውም በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላል። ያኔ ደግሞ ሌላ ሲስተም ያንኑ ዳታቤዝ የሚጠቀም ከሆነ እሱንም ይዛችሁት ትወድቃላችሁ። ወንድሜ፣ የእናንተንም ትሬድ ደምፕ ብታየው ጥሩ ነው።

ሰላም ዴቭ፦

ሐይቅ ዳር፣ ስፕሪንግ ለዚህ የራሱ ነገር አለው። ትራንዛክሽናል ኢቬንት ሊስነር የሚባለውን ተጠቀሚ። ፌዙን አፍተር ኮሚት (ትራንዛክሽኑ ከጸደቀ በኋላ) አድርጊውና ኤስኤምኤሱን እዚያ ላኪ። ትራንዛክሽኑ ካለቀ በኋላ ስለሚሮጥ ኮኔክሽን አይዝም።

አሮጌው ጃቫ፦

ሰላም፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። አፍተር ኮሚት ሲጠራ ኮሚቱ ተደርጓል፣ እውነት ነው። ኮኔክሽኑ ግን ገና አልተመለሰም። ስፕሪንግ ኮኔክሽኑን ለፑሉ የሚመልሰው እነዚህ ሊስነሮች በሙሉ ሮጠው ካለቁ በኋላ ነው። ስለዚህ ሊስነሩ በዚያው ትሬድ ላይ ከሮጠ ያው ነው፣ 4 ሰከንዱ አይቀርልሽም። ኤሲንክ ካደረግሽው ወደ ሌላ ትሬድ ስለሚሄድ ኮኔክሽኑ ይለቀቃል። ግን ያኔ መልእክቱ ያለው ሜሞሪ ላይ ብቻ ነው። ሰርቨሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

የገንዘብ ነገር ስለሆነ እኔ የምመክረው አውትቦክስ ነው። አንድ ተጨማሪ ቴብል ፍጠሪ፦ ስልክ ቁጥር፣ የመልእክቱ ጽሑፍ፣ ሁኔታ፣ የተፈጠረበት ሰዓት። «ቁጠባ መዝግብ» ኤስኤምኤስ አይልክም፤ እዚህ ቴብል ላይ አንድ ረድፍ ይጽፋል። ቁጠባውና የሚላከው መልእክት በአንድ ትራንዛክሽን ይገባሉ፤ ወይ ሁለቱም አሉ፣ ወይ ሁለቱም የሉም። ለብቻው በየጥቂት ሰከንዱ የሚነሳ ሥራ ደግሞ ያልተላኩትን ያነብባል፣ ይልካል፣ «ተልኳል» ብሎ ይጽፋል።

ያ ሥራ ግን ራሱ ያንኑ ጥፋት እንዳይደግም። በአጭር ትራንዛክሽን ያንብብ፣ ይዝጋ። ያለ ትራንዛክሽን ይላክ። በሌላ አጭር ትራንዛክሽን ሁኔታውን ይጻፍ። አፕሊኬሽኑ ሁለት ቦታ የሚነሳ ከሆነ ሁለቱ አንድ መልእክት እንዳይሻሙ፣ ያንን የመጀመሪያ ንባብ በስኪፕ ሎክድ (ሌላው የቆለፈውን ረድፍ እየዘለለ የሚያነብ) አድርጊና እዚያው «ተይዟል» ብለሽ ምልክት አድርጊበት። ማይኤስኪውኤል 8 ይህን ያውቃል።

ሰላም ዴቭ፦

ጋሼ ልክ ነዎት፣ ይህን አላየሁትም ነበር። አንድ ጥያቄ ግን። ከላከ በኋላ «ተልኳል» ብሎ ሳይጽፍ ሰርቨሩ ቢጠፋስ? አባሉ ሁለት ጊዜ ይደርሰዋል።

አሮጌው ጃቫ፦

አዎ፣ አልፎ አልፎ ሁለት ጊዜ ሊደርሰው ይችላል። የግብይቱን ቁጥር መልእክቱ ውስጥ አስገቡት፤ አባሉም ያው አንዱ መሆኑን ያያል። ጌትዌዩ የራሳችሁን መለያ ቁጥር የሚቀበል ከሆነ እሱንም ላኩለት። አንዱን መልእክት ደግሞ መላክ ጨርሶ ሳይልኩ ከመቅረት ይሻላል።

ፋርማሲ ሶፍትዌር፦

ይቅርታ፣ ክሩን አላጣመምኩ እንደሆነ ተቀራራቢ ጥያቄ አለኝ። ለመድኃኒት ቤት የሠራሁት የስዊንግ (የጃቫ ዴስክቶፕ) ፕሮግራም አለ፣ ስፕሪንግ የለውም፣ ንጹሕ ጄዲቢሲ (የጃቫ የዳታቤዝ መገናኛ) ነው። ኮኔክሽኑ ፕሮግራሙ ሲነሳ አንዴ ይከፈትና ስታቲክ ሆኖ ይቀመጣል። ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያው ሽያጭ ሁልጊዜ «ኮሚዩኒኬሽንስ ሊንክ ፌይለር» ይላል። ዘግተው ሲከፍቱት ይሠራል። አዲሱ የማይኤስኪውኤል ድራይቨር ይፈታዋል ብዬ ወደ 8.0.19 ስቀይር ደግሞ «የሰርቨሩ ታይም ዞን ኢኤቲ አይታወቅም» የሚል አዲስ ኤረር መጣብኝ።

አሮጌው ጃቫ፦

ማይኤስኪውኤል ዌይት ታይምአውት የሚባል፣ ሥራ ፈቶ የቆየን ኮኔክሽን የሚዘጋበት ገደብ አለው፣ መነሻው 28800 ሰከንድ ነው፤ 8 ሰዓት መሆኑ ነው። መድኃኒት ቤቱ ማታ 3 ሰዓት ላይ ፕሮግራሙን ሳይዘጋ ቢሄድና ጠዋት 2 ሰዓት ቢመጣ 11 ሰዓት ሆኖታል። ሰርቨሩ ኮኔክሽኑን ሌሊት ላይ ዘግቶታል፣ ያንተ ፕሮግራም ግን እንደያዘው ነው የሚያስበው። አውቶሪኮኔክት የሚለውን ፓራሜትር የሚመክሩህ ይኖራሉ፣ አትጠቀምበት። ትራንዛክሽን መሐል ላይ ቢቋረጥ ግማሽ ሥራ ሊያስቀርብህ ይችላል። ማይኤስኪውኤል ራሱ አይመክረውም።

መፍትሔው ስታቲኩን ኮኔክሽን ማስወገድ ነው። ሂካሪ ያለ ስፕሪንግም ይሠራል። ለአንድ ዴስክቶፕ 2 ኮኔክሽን ይበቃል። አንዱን ኮኔክሽን ከ30 ደቂቃ በላይ ስለማያቆየው 8 ሰዓቱ ጋ አትደርስም። ሽያጭ በተመዘገበ ቁጥር በትራይ ዊዝ ሪሶርስስ ውሰድ፣ ኩዌሪህን አስኪድ፣ ብሎኩ ሲያልቅ ራሱ ይመልሰዋል። ከጃቫ 7 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። እግረ መንገድህን ኮዱ ላይ ክላስ ፎርኔም ብለህ ድራይቨር የምትጭንበት መስመር ካለ አውጣው፤ ከጃቫ 6 ወዲህ ድራይቨሩ ራሱ ይገኛል።

ሌሊት ዲፕሎይ፦

ኢኤቲን እኔ ልመልስ፣ እዚህ አገር ያልገጠመው የለም። ሰርቨሩ የሰዓት ቀጠናውን በሦስት ፊደል «ኢኤቲ» (የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት) ብሎ ይነግረዋል፣ ድራይቨሩ ያንን አጭር ስም አያውቀውም። የኮኔክሽኑ ዩአርኤል ላይ ሰርቨርታይምዞን የሚለውን ጨምርና ሙሉ ስሙን «አፍሪካ/አዲስ_አበባ» ብለህ ስጠው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከነሰረዙ። ከ8.0.23 ወዲህ ፓራሜትሩ ኮኔክሽንታይምዞን ተብሏል፣ በድሮው ስሙም ይሠራል። ኔት ላይ «ዩቲሲ በለው» የሚል ምክር ታያለህ። ኤረሩ ይጠፋልሃል፣ ሰዓትህ ግን በ3 ሰዓት ሊዛባ ይችላል። የመድኃኒት ሽያጭ የተመዘገበበት ሰዓት ሲዛባ ደግሞ የማታው ሽያጭ የነገ ቀን ሊሆንብህ ይችላል።

ፋርማሲ ሶፍትዌር፦

ዩቲሲ ልለው ስል ነው የያዛችሁኝ። እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁም።

ሐይቅ ዳር፦

ተመለስኩ። ታይምአውቱን አስገብቻለሁ፣ ረድቷል። አውትቦክሱን ጀምሬዋለሁ፣ ግን ጊዜ ስለሚፈልግ ለጊዜው ኤስኤምኤስ የሚልከውን መስመር ከትራንዛክሽናሉ ሜተድ አውጥቼ ኮንትሮለሩ ላይ አደረግኩት። ሰርቪሱ መዝግቦ ይመለሳል፣ ትራንዛክሽኑ ያልቃል፣ ከዚያ ኮንትሮለሩ ይልካል። ጌትዌዩን ሆን ብዬ የሚያዘገይ መሞከሪያ ሠርቼ ስፈትሸው ግን ኮኔክሽኑ አሁንም እስከ መጨረሻው ይያዛል! ትራንዛክሽኑ አልቆ እያለ እንዴት?

ሌሊት ዲፕሎይ፦

ሲስተሙ ሲነሳ ሎጉን ከላይ ጀምረሽ አንብቢው። «ኦፕን ኢን ቪው መነሻው ላይ በርቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ታገኛለሽ። ሁሉም ሰው ያያታል፣ ማንም አያነባትም። ይህ ሲበራ የሃይበርኔቱ ሴሽን ሪኩዌስቱ ከገባበት እስኪወጣ ክፍት ነው። ሴሽኑ አንዴ ኮኔክሽን ከወሰደ ደግሞ እስኪዘጋ ድረስ አይለቅም። ስለዚህ ኮንትሮለርሽ ኤስኤምኤስ ሲልክ ትራንዛክሽን ባይኖርም ኮኔክሽኑ አለ። ስፕሪንግ.ጄፒኤ.ኦፕን-ኢን-ቪው የሚለውን ፎልስ አድርጊው።

ፎልስ ካደረግሽው በኋላ አንዳንድ ገጾች ሌዚ ኢኒሺያላይዜሽን የሚል ኤረር ያወጣሉ፤ ገና ያልመጣ ዳታ ሴሽኑ ከተዘጋ በኋላ ሲጠየቅ የሚወጣ ነው። አትደንግጪ፣ መልሰሽም እንዳታበሪው።

ሐይቅ ዳር፦

እንዳልከው ሆነ። የምዝገባው ኮኔክሽን ወዲያው መመለስ ጀመረ፣ በዓይኔ አየሁት። የብድር ዝርዝር የሚያሳየው የስልክ ገጽ ግን ሌዚ ኢኒሺያላይዜሽን አለ። ለእያንዳንዱ ብድር የዋሱን ስም ያሳያል፣ ኤረሩ ዋሱ ላይ ነው።

አሮጌው ጃቫ፦

ያ ኤረር ተደብቆ የነበረ ሌላ ችግር እያሳየሽ ነው። የኤስኪውኤል ሎግ አብሪና የድሮውን ኮድ በመሞከሪያው ማሽን ላይ አስኪጂው። ብድሮቹን የሚያመጣ አንድ ኩዌሪ ታያለሽ፣ ከሥሩ ደግሞ ለእያንዳንዱ ብድር ዋሱን የሚጠይቅ ሌላ ኩዌሪ። 40 ብድር ካለ 41 ኩዌሪ ነው። ኦፕን ኢን ቪው ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ይሸፍነው ነበር። ሪፖዚተሪው ላይ ብድሩንና ዋሱን በጆይን ፌች አንድ ላይ የሚያመጣ ኩዌሪ ጻፊ። ኤረሩም ይጠፋል፣ 41ዱም አንድ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አውትቦክሱን ስትሠሪ። «አንብብ»ን፣ «ላክ»ን እና «ጻፍ»ን ሦስት ሜተድ አድርገሽ አንድ ክላስ ውስጥ ብታስቀምጫቸው ትራንዛክሽናል የሚለው አኖቴሽን አይሠራም። አንድ ሜተድ የራሱን ክላስ ሌላ ሜተድ ሲጠራ ስፕሪንግ መሐል ላይ አይገባም። የዳታቤዙን ሥራ ሌላ ክላስ ውስጥ አድርጊው፣ ወይም ትራንዛክሽን ቴምፕሌት ተጠቀሚ።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። የድሮው ኮድ ኤስኤምኤሱን የሚልከው ኮሚት ከመደረጉ በፊት ነበር። ሪስታርት ስታደርጊ መሐል ላይ የነበሩት ትራንዛክሽኖች በሙሉ ሮልባክ ሆነዋል፣ ማለትም ተሰርዘዋል። ከነዚያ ውስጥ ጌትዌዩ ተቀብሎ የላከው ነገር ካለ፣ አባሉ «ብርዎ ገቢ ሆኗል» የሚል መልእክት በስልኩ አለው፣ ቴብሉ ላይ ግን ምንም የለም። ገንዘብ ተቀባዩም ብሩን ተቀብሏል። ይህ የሰው ገንዘብ ነው። የጌትዌዩን የተላኩ መልእክቶች ሪፖርት አውጪና ሪስታርት በተደረገባቸው ሰዓቶች ዙሪያ ከቁጠባው ቴብል ጋር አመሳክሪው።

በተቃራኒውም እይ። ስክሪኑ ሲዞርባቸው ሁለት ጊዜ የተጫኑ ገንዘብ ተቀባዮች ይኖራሉ። አንድ አባል፣ አንድ ዓይነት መጠን፣ በጥቂት ደቂቃ ልዩነት የገባውን ፈልጊ። ለወደፊቱ ገጹ ሲከፈት አንድ መለያ ቁጥር ይፍጠር፣ ቴብሉ ላይ ያ ቁጥር ዩኒክ ይሁን። ሁለተኛው ጠቅታ ዳታቤዙ ላይ ይመለሳል።

ሐይቅ ዳር፦

ጋሼ፣ ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ሂሳብ ሹሟን ይዤ ተቀመጥን። መልእክት የደረሳቸው፣ ቴብሉ ላይ ግን የሌሉ አባላት አገኘን። ሁለቴ የገባም አለ። ደግነቱ የወረቀት ደረሰኙ ግልባጭ በፋይል ስላለ በሱ እያመሳከረች እያስተካከለችው ነው። መለያ ቁጥሩንም ዩኒክ አድርጌ አስገብቻለሁ።

የመጨረሻ ጥያቄ። ፑሉን 10 ላይ ተውኩት። ያ 30 ሰከንድ የሚያስጠብቀውንስ ልተወው?

ሌሊት ዲፕሎይ፦

30 ሰከንድ መስኮት ላይ ለቆመ ሰው ረጅም ነው፤ ሁለቴ የሚጫኑትም ለዚያ ነው። ኮኔክሽን ታይምአውቱን 5000 አድርጊው። ኮኔክሽን ካልተገኘ በ5 ሰከንድ ውስጥ «አልተመዘገበም፣ እንደገና ይሞክሩ» የሚል ግልጽ መልእክት ይውጣ፣ መለያ ቁጥሩም ያው ይቆይ። ሊክ ዲቴክሽኑን እንዳታጠፊው፣ 10000 ላይ ይቀመጥ። በሚቀጥለው የደመወዝ ሰሞን አንድ መስመር እንኳ ከጻፈ ደምፑን እዚሁ ለጥፊልን።